ልጁ የወጣበትን ቤትም እንይ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብኩ። በባሕር ዳር ጎዳና ላይ ስላሉ ልጆችና እነሱን ስለሚረዱ ድርጅቶች ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ተናድጄ፣ አንዴ ረጋ ብዬ። ጸሐፊው የከተማችን ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። መናኸሪያውንም፣ ቅዳሜ ገበያንም፣ የሐይቁን ዳር መንገድም ጠንቅቀው ያውቁታል። ልጆቹም ከልብ ያሳዝኗቸዋል። እዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

ያሉት ባጭሩ ይኼ ነው። እርዳታ ወላጅን ሰነፍ፣ ልጅን ለማኝ ያደርጋል። ገንዘቡ በደመወዝና በመኪና ያልቃል። ድሮ እድርና ዘመድ ይበቃን ነበር። የልጆች ፎቶ መነገጃ ሆኗል። የውጭ እርዳታ መቋረጡ እግዜር የሰጠን ዕድል ነው። በመጨረሻም መፍትሔ ብለው ያቀረቡት በከተማው ዳር አንድ ትልቅ ማሳደጊያ ተሠርቶ፣ የጎዳና ልጆች በሙሉ ተሰብስበው እዚያ እንዲያድጉ ነው።

እኔ እዚህ ከተማ ከልጆችና ከእናቶች ጋር ስሠራ 11 ዓመት ሞላኝ። በእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሥራዬ ቤት ለቤት መዞር ነው። ከጻፉት ውስጥ የምስማማበት አለ። እሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። ብዙው ግን ስህተት ነው፤ ማሳደጊያው ደግሞ ልጆቻችንን የሚጎዳ ሐሳብ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከስንፍናው ልጀምር። ጸሐፊው መናኸሪያ ለአንድ ልጅ ብር ሰጡት። በነጋታው ልጁን እዚያው ቆሞ አገኙት። «የሰጠሁት ብር እዚያ አቆመው» ብለው ደመደሙ። ግን ያ ልጅ እዚያ የቆመው እሳቸው ከመምጣታቸው በፊት ነው። ከየት መጣ? ለምን መጣ? ጽሑፉ ይኼን አንድም ቦታ አይጠይቅም።

እኛ እንጠይቃለን። የምንሰማው መልስ ብዙም አይለያይም። እናት ታመመች። አባት ሞተና እንጀራ አባት መጣ። መሬቱ ለወንድማማች ሲከፋፈል አልበቃ አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ሌላ መልስ ተጨመረ። «ትምህርት ቤታችን ተዘጋ» ይላሉ። በክልላችን ያለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል። የ12 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋበት ወይ ከብት ይከተላል፣ ወይ አውቶቡስ ይሳፈራል። የተሳፈረው ባሕር ዳር ይወርዳል። ቀን ሊስትሮ ይሠራል፣ ማስቲካ ያዞራል፣ ዕቃ ይሸከማል። ማታ ብርዱንና ረሃቡን ለመርሳት ማስቲሽ ይስባል።

ከፎገራና ከደንቢያ በኩል የሚመጡም አሉ። እምቦጭ ጣና ላይ ከ2004 ገደማ ጀምሮ ሲስፋፋ፣ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ያለው አሳ አጥማጅ መረቡን የሚጥልበት ውኃ አጣ። ጀልባው አረሙ ውስጥ ይያዛል፣ መረቡ ይቀደዳል። እንዲህ ያለ አባት ልጁን «ከተማ ሂድና ራስህን ቻል» ቢለው ስንፍና ነው? ይኼ ሰው ሲደክም የሚያድር ሰው ነው።

«እርዳታ ሰነፍ ያደርጋል» የሚለው ሥጋት አዲስ አይደለም። ለተቸገረ የገጠር ቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጠው ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር ታስቦበታል። ስለዚህ ጉልበት ያለው ሰው ድጋፉን የሚያገኘው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ችግኝ ተክሎ ነው። ያለ ሥራ የሚሰጠው ለአዛውንት፣ ለአካል ጉዳተኛና ለታመመ፣ እንዲሁም ለነፍሰ ጡርና ለአራስ እናት ነው። በተለያዩ አገሮች ለድሃ ቤተሰብ ጥሬ ገንዘብ ሲሰጥ ምን ይሆናል ተብሎ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ሰዎቹ ሥራቸውን ትተው ሲቀመጡ አልታየም።

አንድ ቤት ልንገራችሁ። ከአዲሱ የዓባይ ድልድይ ማዶ ነው። እናቲቱ ሐይቁ ዳር አሳ እያጸዳች ሦስት ልጅ ታሳድግ ነበር። ባሏ ጥሏት ሄዷል። አሳ በሌለ ቀን ገቢ የለም። ትልቁ ልጅ 13 ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ወጣና መናኸሪያ ማደር ጀመረ። መጀመሪያ ያገኘሁት እሱን ነው። ልምከረው ብዬ ቁጭ አልኩ። እየሰማኝ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ቀና ብሎ «ቤት ብገባ እኔ የምበላው ከእህቶቼ ላይ ነው» አለኝ። ያን ቀን ሌላ ምክር አልጨመርኩም።

እናቱ ጋ ሄድን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛንላትና ለመጀመሪያው ዙር ጤፍ አቀረብንላት። ሰፈር ውስጥ ያለ የሴቶች ራስ አገዝ ቡድን አስገባናት፤ በየሳምንቱ 20 ብር ይቆጥባሉ፣ እርስ በርስ ይበደራሉ። ለሁለት ካፌ እንጀራ ማቅረብ ጀመረች። ልጁ ቤት ለመግባት ሁለት ወር ፈጀበት። አንድ ማታ ሮጦ ሄዶ ተመልሶ መናኸሪያ አድሯል። ከዚያ ግን ገባ። ይቺን ሴት ማን ነው ሰነፍ የሚላት? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ነው ምጣድ የምትጥደው።

ጸሐፊው ለማኝ ብለው አንድ ላይ የቆጠሯቸው ልጆች ውስጥ የቆሎ ተማሪዎችም አሉ። ይኼ በጣም ቅር አሰኝቶኛል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚቆም ልጅ ከየኔታ ዘንድ የሚማር ነው። ለምዱና አኩፋዳው ይናገራሉ። የእሱም ኑሮ ከባድ ነው፤ እከኩ፣ የውሻው ንክሻ፣ የክረምቱ ብርድ። ሳሙና፣ ብርድ ልብስና ሕክምና ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ግን እሱን «ከጎዳና ይነሳ» ማለት ከትምህርት ቤቱ ይባረር ማለት ነው።

መኪናና ደመወዝ ላይ ብዙ አልቆይም። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። ከዚያ የሚያልፍ ካለ በሕግ ይጠየቅ። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ሦስት ቀን ተቀምጦ አበል የሚበላበትን ሥልጠና እኔም አውቀዋለሁ፤ ተቀምጬበታለሁም። ቢቀር ማንም አይጎዳም። ነገር ግን ቤት ለቤት የምትዞር ሠራተኛ ደመወዝ ከእርዳታው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ልጅቷ ለምን ከትምህርት እንደቀረች፣ አጎት ተብዬው ለምን ማታ ማታ እንደሚመጣ፣ በ15 ዓመቷ ሊድሯት እንደሆነ የምትሰማው እሷ ናት። ይኼን ዱቄት አይሰማም።

ስርቆትም አለ። ለልጆች የመጣ ምግብ ሱቅ ተደርድሮ ሲሸጥ አይቻለሁ። በሰኔ 2015 የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ እየተዘረፈ ነው ብለው በመላ አገሪቱ የምግብ እደላ አቁመው ነበር። እስኪመለስ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ። በዚያ ስድስት ወር የተራበው ግን ሰራቂው አይደለም። ዝርፊያን ለመቅጣት የልጅን ሳህን መድፋት ትክክል አልነበረም፤ አሁንም አይሆንም።

ስለ እድርና ስለ ዘመድ የጻፉትን ሳነብ ልቤ ተነካ። እውነት ነው። ኤች አይ ቪ ባጠቃን ዘመን ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች የሰበሰቡት አያቶች፣ አክስቶችና ጎረቤቶች ናቸው። ዛሬም ወላጆቹን ያጣ ልጅ በብዛት የሚያድገው ዘመድ ቤት ነው። እድሮችም ደንባቸውን አሻሽለው ለቀብር ብቻ የነበረውን ገንዘብ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ማዋል ጀምረው ነበር። ይኼን ሲያደርጉ ግን ብዙዎቹ ከእርዳታ ድርጅት ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው። ጸሐፊው ሁለቱን እንደ ጠላት አቆሟቸው። እኔ ያየሁት ሲረዳዱ ነው።

ደግሞ እድር ውስጥ ማን አለ? ወርሃዊ መዋጮ የሚችል፣ ሰፈሩ ውስጥ የቆየ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ነው። በወር ኪራይ ከክፍል ወደ ክፍል የምትዞር እናት እድር የላትም። ተፈናቅሎ የመጣ ሰው እድሩን አገሩ ጥሎ ነው የመጣው። የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንን ደግሞ እናንሳ። ጣና ላይ ታንኳ መሥራትን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፣ ሰሌንና ቅርጫት ይሠራሉ። ለስንት ዘመን አብረናቸው ኖርን፤ ግን አብሯቸው የሚበላ፣ ልጁን የሚድርላቸው ስንቱ ነው? ደንገሉ የሚበቅልበት ዳርቻ በሆቴልና በመዝናኛ እየተያዘ ሲሄድ እንጀራቸው አብሮ ሄደ። ልጆቻቸው ክፍል ውስጥ በስድብ እየተሸማቀቁ ትምህርት ሲያቋርጡ አይቻለሁ። «ማኅበረሰቡ ይበቃል» ስንል የትኛው ማኅበረሰብ፣ ለማን እንደሚበቃ መናገር አለብን። እነዚህን ልጆች እድራችን አልያዛቸውም።

ፎቶውን በተመለከተ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። እዚህ ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም። በመስከረም የደብተር ርክክብ ይደረጋል። ልጆች ፀሐይ ላይ ይሰለፋሉ። እንግዳ እስኪመጣ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይቆማሉ። ከዚያ ደብተሩን ከፍ አድርገው እንዲይዙ ይነገራቸዋል። እኔም አሰልፌያለሁ። አንድ ዓመት ከእነዚያ ልጆች አንዷን ቤቷ ሄጄ አየኋት። የተሰጣትን ደብተር ሁሉ በጋዜጣ ለብዳዋለች። ሌላ ልጅም ይለብዳል፤ ልብ አላልኩም ነበር። እናቷ ናት የነገረችኝ። የድርጅቱ ዓርማ እንዳይታይባት ነው። ክፍል ውስጥ «የእርዳታ» ብለው ሰድበዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብተር ለእናት ነው የምንሰጠው፤ ቤቷ፣ ዓርማ ሳይኖረው። ከገንዘብ ሰጪ ጋር መጨቃጨቅ ነበረብን። ተጨቃጨቅን፤ ተቀበሉን።

የእርዳታ መቋረጥ ዕድል ነው የሚለውን ልመልስ። ጥር 12 ቀን 2017 ቃና ዘገሊላ ነበር። እኛ የሚካኤልን ታቦት በእልልታ ስንሸኝ ዋሽንግተን ላይ አንድ ትእዛዝ ተፈረመ። የአሜሪካ የልማት እርዳታ ለ90 ቀን ይቁም ተባለ። በዚያው ዓመት ሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤይድ ራሱ ሥራውን አቆመ። እኔ የማውቀው አንድ ፕሮጀክት ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ሳምንታት ሳይቆይ በሩን ዘጋ። ሠራተኞቹ እናቶቹን ለመሰናበት እንኳ ጊዜ አላገኙም። ስልኬ ለአንድ ወር ያህል ጸጥ አላለም። «ለልጄ መድኃኒት ማን ጋ ልሂድ?» የምትል እናት ለኔ ነበር የደወለችው፤ የኔ ፕሮጀክት እንኳ አልነበረም።

የልጅ እራት ባሕር ማዶ በሚፈረም አንድ ወረቀት ላይ መንጠልጠል እንደሌለበት ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የከተማው ነጋዴ፣ ባለሆቴሉ፣ ዲያስፖራው፣ እድሩ ድርሻውን ይውሰድ። ግን የታመመን ሰው ምርኩዝ ቀስ እያሉ ማስጣልና በርግጫ መምታት አንድ አይደሉም። ያቺ እንጀራ የምትጋግረው እናት ከኛ ከተላቀቀች ሁለት ዓመት አልፏታል። የተላቀቀችው በአንድ ቀን አይደለም፤ በ14 ወር ነው።

አሁን ወደ ማሳደጊያው ልምጣ። ይኼ የጽሑፉ ዋና ሐሳብ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልየው።

ጸሐፊው እነዚህን ልጆች «ወላጅ አልባ» ይሏቸዋል። አብዛኞቹ አይደሉም። መናኸሪያ ያለው ልጅ እናት አለችው፣ ወይ አባት፣ ወይ አያት። ስሟን ይነግራችኋል፣ የቤተ ክርስቲያኗን ስም ይነግራችኋል፣ ከአውቶቡስ ወርዶ ስንት ሰዓት በእግር እንደሚያስኬድ ይነግራችኋል። ቤት የሌለው ልጅ አይደለም። ቤቱ የጎደለበት ልጅ ነው።

ማሳደጊያው ቢከፈት መጀመሪያ የሚሞላው በማን ይመስላችኋል? በመናኸሪያ ልጆች እንዳይመስላችሁ። እነሱ ግቢ ይጠላሉ፤ በሁለተኛው ሳምንት አጥር ይዘላሉ። የሚሞላው ዛሬ እናታቸው ጋ ባሉ ልጆች ነው። «ሦስት ምግብ፣ ትምህርት፣ ንጹሕ አልጋ» ሲባል የደኸየች እናት ሁሉ ልጇን ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። አልፈርድባትም። ለልጇ ይሻለዋል ብላ ነው። እኛ ግን በአንድ ሕንፃ ብዙ ቤት እናፈርሳለን። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት እንዳይሆን ያሳስባል። የኛም የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በ2001 ባወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ማሳደጊያ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ከሱ በፊት ከቤተሰብ ማቀላቀል አለ፣ በማኅበረሰብ ውስጥ መደገፍ አለ፣ የሌላ ሰው ልጅ ተቀብሎ የሚያሳድግ አደራ ቤተሰብ አለ፣ ጉዲፈቻ አለ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ሲከለከል ብዙ ሰው «እንግዲህ ማሳደጊያ እንሥራ» አለ። ጎረቤት ያለውን አደራ ቤተሰብ ማን አስታወሰ?

ጨቅላ ሕፃን ላይማ ጉዳቱ የከፋ ነው። ቡካሬስት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 በተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ወደ አደራ ቤተሰብ ሄዱ፣ ግማሾቹ ባሉበት ቀሩ። ለዓመታት ተከታተሏቸው። ቤተሰብ ውስጥ የገቡት በአእምሮ እድገትም፣ ከሰው ጋር በመቀራረብም በለጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ደግሞ ይበልጥ። ሕፃን የሚያድገው አንድ ሰው ሲያቅፈው፣ ሲያለቅስ ያው ሰው ሲመጣለት ነው። በፈረቃ የምትቀያየር ሠራተኛ፣ ምንም ደግ ብትሆን፣ ይኼን መስጠት አትችልም።

በሕክምናም ይኼን ተምረናል። ድሮ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር ወተት የሚሰጠው። እናት ለሳምንታት አብራው ትተኛለች። ቤት የቀሩት ልጆችስ? ብዙ እናት ሳይጨርስ ይዛው ትወጣ ነበር። ከዚያ ፕላምፒናት የሚባለው ከኦቾሎኒ የሚሠራ የሕክምና ምግብ መጣ። አንዷ ከረጢት 92 ግራም ናት፣ 500 ካሎሪ ትሰጣለች፣ ውኃ አትፈልግም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንዱን ዙሪያ በላስቲክ መለኪያ ትለካለች። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነና ሌላ ሕመም ከሌለበት እናት የሳምንቱን ይዛ ትሄዳለች፤ ልጁ ቤቱ፣ እናቱ ጭን ላይ ይድናል። ይኼ አሠራር በዓለም መጀመሪያ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት።

ማሳደጊያ ያደገ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ምን እንደሚገጥመውም ጽሑፉ ዝም ብሎታል። እኛ አገር ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ነው። አስተናጋጅ ሆኖ ለመቀጠር ተያዥ ይጠየቃል። ጥበቃ ለመሆን ተያዥ ይጠየቃል። ማን ይያዘው? ቢታመም ማን ያስታምመው፣ ሲያገባ ማን ሽማግሌ ይላክለት? ከማሳደጊያ የወጡ ወጣቶችን አውቃለሁ። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፣ አለባበሳቸው ጥሩ ነው። በዓል ሲመጣ ግን የት እንደሚውሉ ግራ ይገባቸዋል።

በእርግጥ ቤቱ ሊመለስ የማይችል ልጅ አለ። የሚደበድበው እንጀራ አባት ያለበት፣ የተደፈረች፣ በሠራተኝነት ተሰጥታ ስም የማይወጣለት ነገር የደረሰባት። ለእነሱ ለጊዜው የሚያርፉበት ትንሽ ቤት ያስፈልጋል፤ ከዚያ አክስት፣ አያት ወይም ፈቃደኛ አደራ ቤተሰብ ይፈለጋል። ይኼን ሥራ በደንብ ለመሥራት ሰው ያንሰናል፣ ገንዘብም ያንሰናል። የማሳደጊያው ብር እዚህ ቢመጣ እሱን የሚቃወም አንድም ባልደረባ የለኝም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የጨረሱት «እስኪ አንድ የተለወጠ ልጅ አሳዩኝ» ብለው ነው። ያ የመናኸሪያ ልጅ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብቷል። ጠዋት እንጀራውን ለሁለቱ ካፌዎች አድርሶ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው። እናቱን አስፈቅጃታለሁ፤ ቡና አፈላለሁ ብላለች። ጸሐፊው በሚመቻቸው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይዣቸው እሄዳለሁ። ካሜራ ብቻ እንዳይይዙ።